ጉድጓዱ ውስጥ በረኪና ከመጨመርዎ በፊት

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከስድስት ዓመት በፊት ግቢያችን ውስጥ ጉድጓድ አስቆፈርን። ጥልቀቱ 12 ሜትር፣ የአፉ ስፋት 1 ሜትር ነው። ከላይ ሁለት የኮንክሪት ቀለበት አለው፤ ከዚያ በታች አፈርና ድንጋይ ነው። አፉን በላሜራ እንከድነዋለን። በጋ ላይ ውሃው ኩልል ያለ ነው። ከሐምሌ ወዲህ ግን ደፈረሰ፣ ትንሽ ትንሽ ይሸታል፣ ሁለቱ ልጆቼም ተቅማጥ እየተመላለሰባቸው ነው። ጎረቤቴ ‹በየወሩ አንድ ጠርሙስ በረኪና ጨምሪበት፣ እኛም እንደዚያ ነው የምናደርገው› አለችኝ። ልክ ነው? ሽንት ቤታችን ከጉድጓዱ 8 ሜትር ያህል ይርቃል፤ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው።»

ከልጆቹ ልጀምር፤ ጉድጓዱ ይቆያል። ከዛሬ ጀምሮ ከዚያ ጉድጓድ የተቀዳ ጥሬ ውሃ አይጠጣ፣ ሰላጣና ቲማቲም አይታጠብበት፣ ጥርስም አይቦረሽበት። አፍልተው ይጠቀሙ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጀርም ለመግደል ግን ይበቃል። በደንብ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ያቆዩት። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ደጋ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ 3 ደቂቃ አድርጉት። ማገዶው ወይም መብራቱ የማያስችል ከሆነ ውሃ አጋር የሚባለውን የመጠጥ ውሃ ማከሚያ ክሎሪን ይግዙና ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጀሪካኑ ውስጥ ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። የደፈረሰ ውሃ ግን መጀመሪያ ይዘቅጥ፣ በንጹሕ ነጠላ ወይም ጨርቅ ይጠለል፤ ጭቃ ባለበት ክሎሪኑ በጭቃው ያልቃል። የልጆቹ ዓይን ጎድጎድ ካለ፣ ሽንታቸው ከቀነሰ፣ ሰገራቸው ደም ከቀላቀለ ወይም የሩዝ ውሃ ከመሰለ ኦአርኤስ እያጠጡ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። ክረምት የአተት ወቅት ነው፤ «ነገ ይሻለዋል» አይባልም።

አሁን ወደ በረኪናው። የጎረቤትዎ ምክር ከቅንነት የመጣ ነው፣ ሒሳቡ ግን አያስኬድም። ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ ጉድጓድ በያንዳንዱ ሜትር ቁመት 785 ሊትር ውሃ ይይዛል። ክረምት ላይ 4 ሜትር ውሃ አለው ብንል 3,140 ሊትር ነው። ጥሩ በረኪና 5 በመቶ ክሎሪን ቢኖረው አንድ ሊትር ጠርሙስ 50 ግራም ክሎሪን ይይዛል፤ እሱን ጉድጓዱ ውስጥ ሲደፉት በሊትር 16 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ጉድጓድ ለማጽዳት የምንፈልገው 100 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው፤ የሚጠጣ ውሃ ውስጥ እንዲቀር የምንፈልገው ደግሞ ከ0.2 እስከ 0.5 ብቻ። የጎረቤትዎ ጠርሙስ እንግዲህ ለጽዳት ያንሳል፣ ለመጠጥ ይበዛል። ያውም በረኪናው በእርግጥ 5 በመቶ ከሆነ ነው። ሱቅ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ፣ ወይም በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ በረኪና ኃይሉ ምን ያህል እንደቀረ ሻጩም አያውቀው።

ይህን ሁሉ አስተካክለው ቢጨምሩ እንኳ ክሎሪን የሚገድለው በዚያች ሰዓት ውሃው ውስጥ ያለውን ነው። ነገ ማታ ዝናብ ሲጥል እንደገና የሚገባውን አይጠብቅልዎትም። ስለዚህ ከ«ስንት ልጨምር» በፊት የሚጠየቀው «በየት በኩል ነው የሚገባው» የሚለው ነው። የእርስዎ ደብዳቤ ውስጥ መልሱ ግማሽ በግማሽ አለ፦ በጋ ኩልል፣ ክረምት ድፍርስ። ከጥልቁ የሚመጣ የከርሰ ምድር ውሃ በሁለት ዝናብ አይደፈርስም። የሚያደፈርሰው ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ነው።

ሁለት ቀለበት ብቻ ነው ያሉኝ። እንደ ቀለበቱ ቁመት ይህ ከ1 እስከ 2 ሜትር ቢሸፍን ነው። ከላይ ቢያንስ 3 ሜትሩ ውሃ በማያስገባ ግድግዳ መከበብ አለበት፤ ውሃ በአፈር ውስጥ እየተጣራ ከታች ይግባ እንጂ ከጎን አቋርጦ አይግባ ነው ነገሩ። የባሕር ዳር አፈር ደግሞ በብዙ ቦታ ዋልካ ነው። ዋልካን የሚያውቅ ያውቀዋል፦ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ በዚያ ስንጥቅ የግቢውን ቆሻሻ ይዞ በቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ከቀለበቱ ጀርባ የተሞላው ያው የተቆፈረው ዋልካ ከሆነ ቀለበቱ መኖሩ ለስሙ ነው። ብዙ ቆፋሪዎች እዚህ ላይ ይቸኩላሉ፤ ጉድጓዱ ውሃ ከሰጠ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል።

ላሜራውም መክደኛ አይደለም። ዝናብ ሲመታው ጠርዙን ይዞ ወደ ውስጥ ያንጠባጥባል፣ ዶሮ ትወጣበታለች፣ ልጅ ይቆምበታል። የጉድጓዱ አፍ ከመሬት ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይገንባና በላዩ ፌሮ ያለው ሶሌታ ይሞላበት፤ መሐሉ ላይ ባልዲ የምታስገባ ወይም የፓምፕ ቧንቧ የሚያልፍባት ጠባብ ቀዳዳ ከነክዳኗና ከነቁልፏ ትቀር። ዙሪያውን ከ1.5 እስከ 2 ሜትር አርማታ ወደ ውጭ አዘንብለው ያስለስኑ፣ የፈሰሰውን የሚወስድ ቦይ ያውጡለት። አርማታው ዋልካ ላይ በቀጥታ ከተሞላ በሁለተኛው ዓመት ይሰነጠቃል፤ ዋልካውን አስወጥተው ገረጋንቲ አስጠቅጥቀው ከዚያ ያስሞሉ። ወጪው ያስከፋል፣ አውቃለሁ፤ ግን ከሁሉ ሥራ በፊት ገንዘብ የሚገባው እዚህ ነው።

ስለ ባልዲው ምንም አልጻፉልኝም። አንድ ቤት ጉድጓዱን ሦስት ጊዜ በክሎሪን አከምነው፤ ሦስቱንም ጊዜ ከሳምንት በኋላ የተወሰደው ናሙና የሰገራ ጀርም አሳየ። ሶሌታው ደህና፣ ቀለበቱ ደህና። በአራተኛው ጉብኝት ሻይ ተፈልቶልኝ ቁጭ ብዬ ሳይ የቤቱ ልጅ ውሃ ቀዳችና ባልዲውን ከነገመዱ መሬት ላይ፣ ዶሮዎቹ የሚጭሩበት ላይ አስቀመጠችው። ገመዱ እርጥብ ስለነበር አፈሩንና ኩሱን ለቃቅሞ ይዞ ነው ቀጥሎ የሚገባው። በላቦራቶሪ ስንፈልገው የከረምነው ነገር ይኼው ነበር። ለጉድጓዱ አንድ ባልዲ ብቻ ይኑረው፣ ሲቀዱ ሌላ ዕቃ አይግባ፣ ባልዲውም ገመዱም ከመሬት ከፍ ብሎ ይሰቀል። የገመድ ፓምፕ ወይም ዲናሞ (የመብራት ፓምፕ) ከተገጠመ ይህ ጣጣ ጭራሹን ይቀራል።

የሽንት ቤቱ ነገር ከባድ ነው፤ ለእርስዎ የማይጥም መልስ ነው ያለኝ። የተለመደው መመሪያ በሽንት ቤትና በውሃ ጉድጓድ መካከል 30 ሜትር፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ወለል ደግሞ ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል ይላል። 10 በ20 በሆነ 200 ካሬ ግቢ ከጥግ እስከ ጥግ ቢለካ 23 ሜትር አይሞላም፤ 30 ከየት ይመጣል? ደግሞም የእርስዎን ቢያነሱ ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ሽንት ቤት አለ። ከዋልካው ሥር ያለው ጥቁር ድንጋይ በብዙ ቦታ የተሰነጣጠቀ ነው፤ በስንጥቅ የሚሄድ ውሃ በአሸዋ እንደሚሄድ ውሃ አይጣራም፣ ስለዚህ ሜትሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። 8 ሜትር፣ ያውም ከላይ በኩል ያለ ሽንት ቤት ይዘው ያንን ጉድጓድ በጥሬው ለመጠጥ የሚያበቃ የክሎሪን መጠን የለም። ጉድጓዱን ይድፈኑት አልልም፤ ለልብስ፣ ለጽዳት፣ ለአትክልት እጅግ ይጠቅማል። ለመጠጥ ግን ከታከመ በኋላም ሁልጊዜ የሚፈላ ወይም በጀሪካን ውሃ አጋር የሚጨመርበት ውሃ አድርገው ይቁጠሩት። ሽንት ቤቱ ሲሞላ አዲሱን ከጉድጓዱ በታች በኩል፣ ታችና ጎኑ በአርማታ የተያዘ አድርገው ያስሠሩ፤ ያኔ ነገሩ ይለወጣል።

አሁን ክረምት ላይ ማንንም ወደ ጉድጓዱ አያስወርዱ። ግድግዳው እርጥብ ነው፣ ይናዳል፤ ውሃውም ሞልቶ ስለሚመነጭ ቀድተው አይጨርሱትም። አሁን የሚቻለው አፉን ከፍ ማድረግ፣ ጎርፉን በቦይ ማራቅ፣ ባልዲውን ማስተካከል ነው። ዝናቡ መስከረም መጨረሻ ላይ ሲያባራና ውሃው ሲጠራ አንድ ጊዜ በክሎሪን ይታከም። ዋናው ሥራ፣ ማለትም አሟጥጦ ደለሉን ማውጣትና ቀለበት መጨመር፣ ውሃው ዝቅ በሚልበት በመጋቢትና በሚያዝያ ነው የሚሠራው።

ያ ቀን ሲደርስ ሥራውን ለለመደ ቆፋሪ ይስጡ እንጂ ለጎረምሳ የአጎት ልጅ አይስጡ። ጉድጓድ ውስጥ አየር ያልቅና ከባድ ጋዝ ይተኛበታል፤ ሰውዬው ሳያስበው ጉልበቱ ይከዳዋል። እንደዚህ ባለው አደጋ ሁለተኛው የሚሞተው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ላወጣ ብሎ ዘሎ የገባው ነው። ሻማ አውርዶ ማየት የቆየ ልማድ ነው፤ ሻማው ከጠፋ መግባት የለም። ካልጠፋ ግን «ደህና ነው» ማለት አይደለም፣ ምክንያቱም ከሞተር የሚወጣውን የሚገድል ጭስ ሻማ አይለየውም። ለዚህ ነው የቤንዚን ፓምፕ ወይም ጄኔሬተር ጉድጓድ ውስጥም ሆነ አፉ ሥር የማይነሣው። የሚገባው ሰው ብብቱ ሥር በታሰረ ገመድ ይያዝ፣ ከላይ ጎትተው ሊያወጡት የሚችሉ ሁለት ሰዎች ስልካቸውን ኪሳቸው ከትተው ይቁሙ። ግድግዳውን የሚፈገፍገው በብሩሽና በውሃ ብቻ ነው። ሰው ውስጥ እያለ ክሎሪን አይገባም፤ ጠባብ ቦታ ላይ ሳንባ ያቃጥላል። ደለሉ ከወጣ በኋላ ታጥቦ የጸዳ ጠጠር 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወለሉ ላይ ቢነጠፍ ባልዲው በወረደ ቁጥር ጭቃ አያነሣም።

ከዚያ ውሃው ይሙላና ክሎሪኑ ይቀጥላል። ድንጋይ የታሰረበት ገመድ እስከ ወለሉ ይልቀቁ፤ የረጠበው ክፍል የውሃው ቁመት ነው። በ0.785 ሲያባዙት ሜትር ኩብ ይሰጥዎታል (ይህ ቁጥር ለ1 ሜትር ስፋት ነው፤ ስፋቱ 1.2 ከሆነ 1.13 ይጠቀሙ)። ለያንዳንዱ ሜትር ኩብ ኤችቲኤች የሚባለው፣ ከ65 እስከ 70 በመቶ ክሎሪን ያለው ነጭ ዱቄት 150 ግራም፣ ወይም ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና 2 ሊትር ይበቃል። ምርጫው የእኔ ቢሆን ኤችቲኤች ነው፤ ታሽጎ ከቆየ ኃይሉ ቶሎ አይወርድም። ለ4 ሜትር ውሃ 470 ግራም ይሆናል ማለት ነው፤ በበረኪና ከሆነ ከ6 ሊትር በላይ። ከጎረቤትዎ ጠርሙስ ጋር ያስተያዩት።

ዱቄቱን እንዳለ ጉድጓድ ውስጥ አይበትኑ፤ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። በ20 ሊትር የፕላስቲክ ባልዲ ውሃ ውስጥ 300 ግራም ይበጥብጡ፣ መጀመሪያ ውሃው ከዚያ ዱቄቱ፣ በተቃራኒው አይደለም። ይዝቀጥና ከላይ የጠራውን ይጠቀሙ፤ ከዚህ ለያንዳንዱ ሜትር ኩብ ግማሽ ባልዲ ነው ሒሳቡ። ጓንትና መነጽር ያድርጉ፣ ነፋሱ ከጀርባዎ ይሁን። ከአሲድ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ ወይም አሞኒያ ካለው ሳሙና ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ትራፊውንም ከነዳጅና ከዘይት ጋር አንድ መጋዘን አያስቀምጡ፣ እሳት ያስነሣል።

የጠራውን በግድግዳው ዙሪያ እያዞሩ ያፍስሱት፤ ግድግዳውም ይታጠባል። ከዚያ በባልዲ እየቀዱ መልሰው ይድፉበት፣ ሃያና ሠላሳ ጊዜ፣ እስኪቀላቀል። ዲናሞ ካለ ጎማውን ወደ ጉድጓዱ መልሰው ሩብ ሰዓት ያሽከርክሩት። ወደ ቤት የሚገባ መስመር ካለ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ከፍተው የክሎሪን ሽታ ሲመጣ ይዝጉ፤ ሮቶውም አይረሳ። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ጸድቶ ሮቶው ሥር ጣት የሚያህል ጭቃ ተጋግሮ አገኛለሁ። አስቀድሞ ይታጠብ፣ ከዚያ ለ1,000 ሊትር ሮቶ 1 ሊትር በረኪና ይበቃዋል። ጉድጓዱን ከድነው፣ ቆልፈው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ቢቻል 24 ይተዉት። በዚያ ጊዜ ማንም እንዳይቀዳ ለተከራይም ለሠራተኛም ይንገሩ፤ ለሁለት ቀን የሚሆን ውሃ ቀድመው ያጠራቅሙ።

በማግሥቱ ውሃው እንደ ዝገት ቀልቶ ቢወጣ አይደንግጡ፤ ክሎሪኑ የሟሟውን ብረት አውጥቶት ነው። ሽታው እስኪጠፋ ቀድተው ያፍስሱ። የሚፈሰው ወደ አትክልትዎ፣ ወደ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ወደ ዓባይና ጣና በሚወስድ ቦይ አይሂድ፤ ዓሣ ይጨርሳል። ሰፊ ባዶ ቦታ ላይ ይበተን። አፍንጫ የሚያመልጠው ነገር ስላለ የመዋኛ ገንዳ መለኪያ ወረቀት ካገኙ 0.5 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በታች መሆኑን ይዩ።

ከሳምንት ከአሥር ቀን በኋላ ናሙና ያስመርምሩ። ለክልሉ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ወይም ለከተማው ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ደውለው የት እንደሚቀበሉና ምን ዓይነት ጠርሙስ እንደሚፈልጉ ይጠይቁ። በታጠበ የሃይላንድ ጠርሙስ የተወሰደ ናሙና የሚናገረው ስለ ጠርሙሱ ነው። በረዶ ባለው ዕቃ ይዘው ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ ያድርሱት። የምንፈልገው በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ ኮላይ የሚባለው የሰገራ ጀርም ዜሮ መሆኑን ነው።

በየወሩ የሚለውን ይተዉት። በየወሩ የሚጨመር በረኪና የፓምፑን ጎማ ይበላል፣ ገመዱን ያደክማል፣ ቤተሰቡንም «ታክሟል» ብሎ ያዘናጋል። ጉድጓድ በክሎሪን የሚታከመው ሰው ከገባበት፣ ፓምፕ ከተቀየረ፣ ጎርፍ ወይም እንስሳ ከገባበት በኋላ፣ ወይም ምርመራው ጀርም ሲያሳይ ነው። ያለዚያ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣ።

ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ጣል ላድርግ፦ በስምጥ ሸለቆ፣ በመቂ፣ በዝዋይ፣ በወንጂ አካባቢ ላላችሁ ዋናው ችግር ፍሎራይድ፣ ማለትም ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳው ማዕድን ሊሆን ይችላል፤ ገደቡ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ክሎሪን አይነካውም፣ ማፍላትም ያጠነክረዋል እንጂ አይቀንሰውም። የሽፈራው ፍሬም ጭቃውን ያዘቅጣል እንጂ ብቻውን ውሃ አያክምም።

እርስዎ ግን ናሙናውን ሲሰጡ ናይትሬትም እንዲለካ ይጠይቁ። ሽንት ቤቱ በእርግጥ ወደ ጉድጓዱ እየሰረገ ከሆነ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ገደቡ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ካለፈ በዚያ ውሃ የሕፃን ወተት አይበጠበጥም፣ በተለይ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን፣ ተፈልቶም ቢሆን። ውጤቱ ሲደርስዎ የኢ ኮላዩንና የናይትሬቱን ቁጥር ከሽንት ቤቱ ጥልቀት ጋር ይላኩልኝና የቀለበቱን ሥራ እስከየት ማውረድ እንደሚያስፈልግ እነግርዎታለሁ።